ጭድ፣ ቃጫ፣ ቀርከሃ፦ አጋሩን ያገኘ ግድግዳ

(በማኅበራችን የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው «ከሙያህ አንድ ነገር አካፍለን፤ ቀመር ግን አታብዛብን» ብሎኛል። ቃሌን እጠብቃለሁ። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ የንግግሬ ርእስ «የተፈጥሮ ፋይበር ኮምፖዚት ለዘላቂ ግንባታ» ተብሎ ተጽፏል። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አብዛኞቻችን ተወልደን ያደግነው እሱ ውስጥ ነው። ጭቃ ቤት ማለቴ ነው።

«ጭቃ» የሚለው ቃል ዛሬ በከተማ አፋችን የድህነት ስም ሆኗል። ድሮ እኮ «ጭቃ ሹም» የሹመት ስም ነበር! (ሳቅ) እስቲ ለዛሬ ለዚህ ቃል ትንሽ ክብሩን እንመልስለትና እንደ መሐንዲስ እንየው።

ኮምፖዚት ማለት ባሕርያቸው የተለያየ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ነገሮች ተዋህደው፣ ለየብቻቸው የማይችሉትን አብረው ሲችሉ ነው። ጭቃ ሲደርቅ ሸክም ይችላል፤ ሲጎተት ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ጭድ በተቃራኒው ሲጎተት ይጸናል፤ ብቻውን ግን ሸክም ተሸክሞ አይቆምም። ሁለቱን አንድ ላይ ስትረግጧቸው አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ብረትና ኮንክሪትም የሚጋቡት በዚሁ ሕግ ነው።

የጤፍ ጭድ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ክሩ ቀጭን ስለሆነ በአንድ ዕቅፍ ውስጥ ቁጥሩ እጅግ ብዙ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ከጭቃው ጋር የሚያያዝበት ገጽ ይበዛል። ጭቃው ውሃውን እየለቀቀ ሲሸበሸብ፣ ጣት የሚያስገባ አንድ ስንጥቅ በመፍጠር ፋንታ፣ በዓይን የማይታዩ ብዙ ትንንሽ ስንጥቆች ይፈጥርና እያንዳንዱን ጭድ እንደ ስፌት ይዞ ያስቀረዋል። በተለይ እንደ መረሬ ያለ፣ ሲረጥብ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ አፈር ያለ ጭድ ፈጽሞ አይሞከርም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን ስለ አንድነት ሲነገር እንሰማለን፤ ለእኔ ግን ስለ ፋይበር የተነገረ የምሕንድስና ትምህርት ነው።

ሌላም አለ። ጭቃ በተቦካበት ዕለት አይመረግም። ከጭዱ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይተዋል፤ ውሃ እየተጨመረ ደግሞ ይረገጣል። ሽታው ሲለወጥና እጅ ላይ ሲለሰልስ «አሁን ደርሷል» ይባላል። በእነዚያ ቀናት ጭዱ በከፊል ይበሰብሳል፤ ከውስጡ የሚወጣው የሚያጣብቅ ነገር ጭቃውን ያለሰልሰዋል፣ ከማገሩም ጋር አጥብቆ ያይዘዋል። ማንም ቤተ ሙከራ ሳይገባ በእግር፣ በእጅና በአፍንጫ የተደረሰበት ዕውቀት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥበብ እያለ ጭቃ ቤት ለምን ይፈርሳል? ይህን ጥያቄ በቅንነት ካልመለስን ንግግሬ የትዝታ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

የደብረ ማርቆስን ክረምት ታውቁታላችሁ። በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛውም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የፈረሰ ጭቃ ቤት ሄዳችሁ ብታዩ፣ ጉዳቱ የጀመረው ብዙውን ጊዜ ከግድግዳው መካከል አይደለም። ከሥር ነው የጀመረው። ቋሚው ባሕር ዛፍ በቀጥታ መሬት ውስጥ ተቀብሯል፤ አፈሩና አየሩ በሚገናኙበት ቦታ ላይ እርጥበትና ምስጥ ተባብረው ይቆርጡታል። ከጣራው የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬቱን እየመታ ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ የታችኛው ምርጊት ታጥቦ ማገሩ አጥንቱ ይታያል።

አባቶቻችን ለዚህ መድኃኒት ነበራቸው፤ ታዛ። የሣር ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ ዝቅ ብሎ ይወርድ ነበር። ቆርቆሮ ሲመጣ ግን በገንዘብ የሚገዛ ነገር ነውና በብዙ ቤት ታዛው አጠረ። ከላይ የተሻለ ክዳን አገኘን፤ ከጎን ግን ግድግዳውን ልብሱን ገፈፍነው። ከዚያ ላይ ደግሞ «ይጠንክር» ብለን የሲሚንቶ ልስን እንለጥፍበታለን። ጭቃ በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶው እንደዚያ አይሆንም። ስለዚህ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ ተመልሶ መውጫ ያጣና ከውስጥ ጭዱንና እንጨቱን ያበሰብሳል። ከውጭ የሚታየው የሚያምር ግድግዳ ነው፤ ውስጡ ግን አልቋል።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ጭድ የራሱ የሆነ ጠላትና ወዳጅ እንዳለው ነው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፤ የዕፅዋት ፋይበር ዕድሜውን የሚወስነው አጋሩ ነው። ከማን ጋር አኖርነው? ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? አጋሩ ልዝብ ነው ወይስ የሚበላ?

ይህን ዓለም ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ነው የተማረው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹና በ80ዎቹ፣ ለታዳጊ አገሮች ርካሽ ጣራ እንሥራ ተብሎ ከቃጫና ከኮኮናት ፋይበር ጋር የተቀላቀለ የሲሚንቶ ክዳን በብዙ አገሮች ተሞከረ። አፍሪካም ውስጥ ገብቷል። ክዳኑ ሲሠራ ጠንካራ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን እየተሰባበረ መጣ። ምክንያቱን ካጠኑት አንዱ የስዊድኑ ተመራማሪ ሃንስ-ኤሪክ ግራም ነው፤ ጥናቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ውሃ ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ ፒ.ኤች. መጠኑ ከ12 በላይ ነው። ይህ ውሃ የቃጫውን ትንንሽ ሕዋሳት አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን የተባለ ነገርና ሄሚሴሉሎሱን እየሟሟ ያወጣዋል። ቃጫው በቦታው ያለ ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን የለም። ክዳን ሠሪዎቹም በመጨረሻ ፋይበሩን ትተው ያለ ፋይበር ወደሚሠራ ትንሽ የኮንክሪት ክዳን ዞሩ።

አሁን ወደ ጭቃችን ተመለሱ። የጭቃ አፈር አልካሊው እንደ ሲሚንቶ የበረታ አይደለም። ጭዱን አይበላውም። ግድግዳው እስከደረቀ ድረስ ጭዱ እንዳለ ይኖራል። ያረጀ ቤት ሲፈርስ ከምርጊቱ ውስጥ ቢጫነቱን ያልለቀቀ ጭድ ሲወጣ ያያችሁ አትጠፉም። በጎጃምና በጣና ዙሪያ ያሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናትንም አስታውሱ። በብዙዎቹ ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ይሳልና ጨርቁ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በታዛና በቅኔ ማኅሌት ተከልሎ ደርቆ የኖረ ግድግዳ ሥዕሉን ተሸክሞ ትውልድ ያሻግራል።

ሲሚንቶን ላወግዝ አልመጣሁም። ግድብ፣ ድልድይ፣ ፎቅ ያለ እሱ አይሠራም። ነገር ግን የሲሚንቶ ክሊንከር ለመሥራት ምድጃው ወደ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት፤ በዓለም ላይ ሰው ከሚለቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 7 ወይም 8 በመቶ የሚሆነው ከዚሁ ኢንዱስትሪ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋጋውን እናንተ ታውቁታላችሁ። በማያስፈልግበት ቦታ ሁሉ እሱን መጠቀም ለአገርም ለኪስም አይበጅም።

«ታዲያ ከጭቃ ሌላ ለፋይበር የሚስማማ አጋር አለ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ያውም ደጃችን ላይ። በዓባይ በረሃ የተጓዘ ሁሉ የቁልቁለቱን ዐለት ንብርብር አይቷል። ከኖራ ድንጋዩ ሌላ በጎሃ ጽዮን በኩል የጂፕሰም ንብርብር አለ። ጂፕሰም ፋይበርን የሚበላ አልካሊ የለውም። ለዚህ ነው ጂፕሰምና ፋይበር ከጥንት ጀምሮ የተስማሙት። ዴሳሺ የተባለ ፈረንሳዊ በጨርቅ የተጠናከረ የጂፕሰም ጌጥ ለመሥራት እንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። ዛሬም የጣራ ሥር ጌጥ የሚሠሩ ባለሙያዎች ቃጫ በጂፕሰም እየነከሩ ሲለጥፉ ታያላችሁ፤ እነሱ ግን «ኮምፖዚት» አይሉትም። በጓሮ አጥር የሚበቅል ቃጫና ከዓባይ በረሃ የሚወጣ ጂፕሰም ለኮርኒስና ለውስጥ መከፋፈያ ግድግዳ የሚሆን ገበታ ሊወጣቸው ይችላል። ለውጭ ግን አይሆንም፤ ጂፕሰም ውሃ ይፈራል። እዚህም ላይ ሕጉ ያው ነው፤ ቦታውን ዕወቅለት።

ያለ ምንም ማጣበቂያ የሚሠራም አለ። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተጀመረ ዘዴ ነው፤ የስንዴ ጭድ በከፍተኛ ሙቀት ይጨመቃል፣ በራሱ ውስጥ ያለው ሊግኒን ይለሰልስና እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። ሲቀዘቅዝ ወፍራም ገበታ ይሆናል። ሲሚንቶ ውስጥ ሟሙቶ ያሳፈረን ሊግኒን እዚህ ሙጫ ሆኖ ሲያገለግል ማየት ደስ ይላል።

እዚህ ላይ ግን ከገበሬ ቤት የመጣ ሁሉ አንድ ጥያቄ እንደሚያነሣብኝ ዐውቃለሁ፤ «ከብቶቹስ ምን ይብሉ?» ትክክል ነው። የጤፍ ጭድ በጋውን ላምና በሬ የሚያሻግር መኖ ነው። ለግድግዳ የሚገዛና ለከብት የሚገዛ ሰው በአንድ ገበያ ይሻማሉ። ስለ ጭድ ግንባታ የሚጻፉ የውጭ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ጭድን «የሚቃጠል ቆሻሻ» አድርገው ይነሣሉ። በእኛ አገር ጭድ ቆሻሻ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ የእኛ ምርምር መነሻው ከእነሱ የተለየ መሆን አለበት፤ በትንሽ ጭድ ብዙ ግድግዳ እንዴት ይሠራል? ላም የማትበላው ፋይበር የትኛው ነው?

ለሁለተኛው ጥያቄ አንዱ መልስ ቀርከሃ ነው፤ አንዳንዶቻችን «ቀርቀሃ» የምንለው። ኢትዮጵያ ሁለት አገር በቀል የቀርከሃ ዝርያዎች አሏት፤ የቆላውና የደጋው። የደጋው በጮቄ ተዳፋትና በአዊ፣ በእንጅባራና በባንጃ በኩል በየቤቱ ጓሮ አለ። ከመሬት ከወጣ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይይዛል፤ ለግንባታ የሚሆነው ግን ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ስሙን የሚያጠፋው ቶሎ በነቀዝ መበላቱ ነው። ነቀዙ የሚመጣው ውስጡ ያለውን ስታርች ፈልጎ ነው። ያልበሰለው ካልተቆረጠ፣ በእርጥብ ወቅት ካልተቆረጠ፣ ከዚያም በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሃ ከታከመ ዕድሜው ይረዝማል። እንጨት ተፈልጦ በሚማገርበት ቦታ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ቢማገር፣ ጭቃው የሚይዝበት ገጽ ይበዛል፤ ግድግዳውም ይቀላል።

ይህ ሕልም አይደለም። በኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. ጥር 1999 አርሜኒያ የተባለችውን ከተማ ርእደ መሬት ከመታት በኋላ፣ የአገሩ መሐንዲሶች «ባሐሬኬ» የሚሉትን የቀርከሃና የምርጊት ግድግዳ አጥንተው፣ አሻሽለው፣ በአገሪቱ የሕንፃ ሕግ ውስጥ አስገቡት። ባሐሬኬ ማለት እኛ ማገርና ምርጊት የምንለው ነው። ለቀርከሃ መዋቅር ንድፍ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ በ2021 ታድሷል። ጀርመን የአፈር ግንባታ ደንብ በ1999፣ ኒውዚላንድ ደግሞ በ1998 አውጥተዋል። በእኛስ? በ1987 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የሕንፃ ኮድ ስታንዳርዳችን የኮንክሪት፣ የብረት፣ የእንጨት ጥራዝ ነበረው። «ኮምፖዚት» የሚልም ጥራዝ ነበረው፤ ስትገልጡት የብረትና የኮንክሪት ነው። አብዛኛው ሕዝብ ስለሚኖርበት የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ የሚናገር ጥራዝ ግን አልነበረውም። ያልተለካ ነገር ስታንዳርድ አይኖረውም፤ ስታንዳርድ የሌለውን ባንክ አያበድርበትም፣ መሐንዲስም አይፈርምበትም።

አዲስ አበባ ልደታ በሚገኘው የሕንፃ ኢንስቲትዩት ግቢ ከዙሪክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ፣ በአብዛኛው ከአፈር የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት ተሠርቷል። ባሕር ዳር ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ከተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ጀምሮ ስለ ክርና ስለ ፋይበር የሚያስተምር ቤት አለን። ዕውቀቱ በአካባቢያችን አለ፤ ያልተገናኘው ከግድግዳው ጋር ነው።

ለወጣት ተመራማሪዎቻችን አንድ ነገር ልናገርና አትቀየሙኝ። በየዩኒቨርሲቲው የቀርከሃ፣ የቃጫና የእንሰት ፋይበር ከፖሊስተርና ከኢፖክሲ ጋር የተቀላቀለበት ብዙ የመመረቂያ ጥናት አለ። ለመኪና ዕቃ ጥሩ ነው። ለቤት ግን እንጠይቅ፤ ፋይበሩ የእኛ ነው፣ ሙጫው ግን በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ቤቱ ሲፈርስ ጭቃና ጭድ ወደ ማሳ ይመለሳሉ፤ ያ ገበታ የት ይሄዳል? ደግሞ አብዛኛው ሙከራ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። የቃጫው ክዳን ታሪክ የነገረን ግን ትክክለኛው ፈተና የሚመጣው በአራተኛውና በአምስተኛው ክረምት መሆኑን ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ግድ ይለኛል? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ መምህራን ናችሁ። በየገጠሩ ሕዝቡ እንጨት ቆርጦ፣ ጭቃ ረግጦ፣ በደቦ የሠራውን መማሪያ ክፍል ታውቁታላችሁ። ጥቂት ክረምት ሲያልፍበት ግድግዳው ይሸነቆራል፤ ብርዱ ይገባል፤ ልጆቹ ደብተራቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ይጽፋሉ። «ብሎኬት ይመጣል» ተብሎ ይጠበቃል። ብሎኬቱ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል፤ ልጁ ግን አንደኛ ክፍልን የሚማረው አንድ ጊዜ ነው። የዚያን ክፍል ዕድሜ በእጥፍ ለማራዘም የሚያስፈልገው ጉልበት ያው የወላጆቹ ጉልበት ነው፤ የሚጎድለው ጉልበት ለጉልበት ያህል ከፍታ ያለው የድንጋይ መሠረት፣ ከመሬት የተነሣ ቋሚ፣ ሰፊ ታዛና በልኩ የተቦካ ጭቃ ነው። ይህን የሚናገር አንድ ገጽ የተፈተነ መመሪያ በወረዳው መሐንዲስ እጅ የለም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዩኒቨርሲቲያችን በ1999 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ከተቀበለ ወዲህ የተመረቅን ሁላችን፣ ከመዋጮው ሌላ፣ በግቢው ውስጥ የሙከራ ግድግዳዎች እንሥራ። አሥራ ሁለት ግድግዳ ይበቃል። የጤፍ ጭድ፣ የስንዴ ጭድ፣ ቃጫ፣ የቀርከሃ ማገር፤ ቀይ አፈርና መረሬ፤ ታዛ ያለውና የሌለው፤ በድንጋይ ላይ የቆመና መሬት የተቀበረ። አጠገባቸው የዝናብ መለኪያ ይቁም። ጭቃውን የሚያቦኩት እድሜ ልካቸውን ሲያቦኩ የኖሩ እናቶችና አናጢዎች ይሁኑ፤ እንደ እንግዳ መምህር ይከፈላቸው፣ የሚሉትም ይመዝገብ። በየዓመቱ አንድ የተመራቂ ቡድን ልኬቱን ይውሰድ፣ ውጤቱም በዚህ የዓመት መጽሔት ላይ ይውጣ፤ የወደቀውም ግድግዳ ጭምር። በአምስተኛው ዓመት እጃችን ላይ የሚኖረው ማስረጃ ስታንዳርድ ለሚያወጡት አካላት የሚቀርብ ይሆናል።

ወጪው ብዙ አይደለም። አፈሩ ከግቢው ነው። ድንጋዩ ከአካባቢው ነው። ቀርከሃውን ለማምጣት ከእንጅባራ የመጣችሁ አባላት ኃላፊነቱን ትወስዱልኛላችሁ ብዬ አምናለሁ፤ እጃችሁን አይቻለሁ! (ሳቅ) ጭዱን በመኸር ጊዜ፣ ዋጋው ሳይወጣ እንግዛ። ክረምቱ ሳይገባ መመረግ አለበትና ቢዘገይ ከሚያዝያ አጋማሽ በፊት እንጀምር። ለመመዝገብ የምትፈልጉ ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ በመውጫው በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ስማችሁን አስፍሩ። ጫማ የማይሳሳለት ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ጭቃው የሚረገጠው በባዶ እግር ነው።